የሰሙት ሰዎች ቁጥር

አያቴ አባባ ወልዴ ናዝሬት ላይ ባረፉበት ቅዳሜ፣ እኔ አሜሪካ፣ ዩለስ በምትባል ከተማ ባለው አፓርታማችን፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካልኩሌተር ይዤ፣ በልጅነቴ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ደስ ያለኝን ጨዋታ እጫወት ነበር። አያቴ ማረፋቸውን አላወቅኩም። ቤቱ ውስጥ ካለነው ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህንንም አላወቅኩም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባዬ ዲቪ ደርሶት ቀድሞ ስለ መጣ፣ እኔና እማዬ ወረቀታችን እስኪያልቅ አባባ ወልዴ ቤት ቆይተናል። እሳቸው ብስክሌት ይጠግኑ ነበር። የተነፈሰውን የጎማ ካላማደሪያ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረው፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እኔን ያስፈልጉኛል። ሳገኘው "ጎበዝ፣ አንተ ዓይን አለህ" ይሉኛል። እማዬ ለእሳቸው አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ የሞቱባት ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ፣ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ከእሳቸው ሌላ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም።

ዩለስ ከመጣን አንድ ዓመት ሆኖናል። እማዬ ኤርፖርት ውስጥ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች። አባዬ መንገደኞችን ወደ ኪራይ መኪኖች የሚያደርሰውን አውቶቡስ ይነዳል። አፓርታማችን አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው የሚያልፉበት መስመር ላይ ስለ ነበር፣ ድምፁ ሲመጣ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቅና፣ ሲያልፍ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። እንግዳ ይስቅብናል። ለእኛ ግን አይታወቀንም ነበር።

ያን ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሥራ ገብታለች፤ አባዬ ኦፍ ነው። ስልክ ጮኸ። አባዬ "ሃሎ" ብሎ ትንሽ እንዳዳመጠ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ቀጥሎ ባኞ ቤት ውስጥ ውኃ ተከፈተ፤ ብዙ ጊዜም ሳይዘጋ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ረጥቧል።

"ሳሙና ገባብኝ" አለኝ።

አመንኩት። ሳሙና ዓይን ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያቃጥል አውቅ ነበር። ውኃው የተከፈተው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማን መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ እኔም በተራዬ ባኞ ቤት ገብቼ ውኃ የከፈትኩ ዕለት ነው።

አባዬ ከፊቴ በርከክ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ኤልያብ፣ ስማኝ። ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ። ለእማዬ የሚነገራት ነገር አለ። ግን ሰው ተሰብስቦ፣ ሁላችንም ሆነን ነው የሚነገራት። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይላት። ስልክ ብትደውል አንተ አታንሣ፤ ኦኬ?"

"ምንድን ነው የሚነገራት?"

"ስንነግራት ትሰማለህ።"

ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም፤ ገብቶኝ ነበራ። እማዬ ለነርስ ረዳትነት ተፈትና ነበር። ዊልቸር መግፋቱን ትታ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ልትቀጠር ላይሰንሷን፣ የሥራ ፈቃዷን ማለት ነው፣ ትጠብቃለች። ከሥራ ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ የፖስታ ሳጥኑን ከፍታ ታያለች። እንግዲህ ላይሰንሱ ወጥቷል ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ለአስተማሪያችን ልደት መብራት አጥፍተን ጠረጴዛ ሥር ተደብቀን ነበር፤ ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ ደስ የሚል ነገር እንዲህ ነው የሚነገረው፣ ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚሰማው ብዬ ይዣለሁ። መርዶ የሚባለውን ስሙን ሰማሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ናዝሬትም ቢሆን እንዲህ ባለ ቀን ልጆች ጎረቤት ይላካሉ።

ብዙ ሳይቆይ እትዬ ከበቡሽ መጡ። ከእኛ ሕንፃ ቀጥሎ ባለው ነው የሚኖሩት፤ የእድራችን ጠሪ ናቸው። ሌላ ጊዜ ደረጃውን ሲወጡ ድምፃቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። ያን ዕለት ግን ቀስ ብለው ገቡ፤ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስልካቸውን አወጡ።

"ማን ነው የሚያመጣት?"

"ዘርትሁን። እንደ ወትሮው አብረው ይመለሳሉ" አለ አባዬ። ዘርትሁን ከእማዬ ጋር ዊልቸር የሚገፋ፣ በመኪናው የሚያመላልሳት የሥራ ባልደረባዋ ነው።

"ነገርከው?"

"ነገርኩት። 'ፊቴን ምን ላድርገው?' ነው ያለኝ።"

"እውነቱን ነው። የዘርትሁን ፊት ደግሞ ምን ይደብቃል፤ መስተዋት እኮ ነው። እሺ፣ ኤርፖርት ውስጥ እሱ ብቻ ይወቅ። ዓለምጌጥ የእናቷን በቴክስት አይደል የሰማችው? ሱቅ ውስጥ፣ ካሽ ሬጅስተር ላይ ቆማ፣ ሰው ተሰልፎባት! ስትወድቅ የሚያነሣት ያገር ሰው እንኳ አጠገቧ አልነበረም። ፋንታዬ ላይ ይኼ አይደርስም። እኔ ቆሜ አይደርስም።"

ፋንታዬ እማዬ ናት። ዓለምጌጥ የእናቷን ምኗን እንደ ሰማች ግን አልተባለም፤ እኔም የላይሰንስ ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

"ስልኩ በሥርዓት ነው የሚሄደው" ቀጠሉ እትዬ ከበቡሽ። "የሰማ ሰው ወዲያው አይደውልም። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ይበል፣ ልቡ ይርጋ። ከዚያ ለአንድ ሰው ይደውል። በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ለሌላ አንድ ሰው። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ። አደራውንም አብሮ ይንገር፦ እሷ እንዳትሰማ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይኼስ?"

"አያውቅም" አለ አባዬ በዝግታ።

"አይወቅ። ልጅ ሆድ ውስጥ ወሬ አያድርም። እሷ ስትደርስ ታች፣ ሜክሲኮዎቹ ቤት ይቆይ።"

እኔ በሆዴ ሳቅኩ። አውቃለሁ'ኮ።

ሩሐማ ይሄን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሩሐማ የአባዬ የአጎት ልጅ ናት። ሶፋችን ላይ እያደረች ኮሌጅ ኮምፒዩተር ትማራለች፤ ሰኞ ፈተና ነበረባት።

"ኤልዬ፣ ና እስቲ" አለችኝ። "እትዬ ከበቡሽ ያሉትን በቁጥር እናድርገው።"

ባዶ ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። ባዶ ክብ ገና አሁን የሰማ፣ ቁጭ ያለ ሰው ነው። የጠቆረ ክብ ደግሞ ልቡ የረጋ፣ መደወል የሚችል ሰው ነው። በመጀመሪያው ዙር እትዬ ከበቡሽ ብቻቸውን ናቸው፤ አንድ። በሁለተኛውም ቁጭ ስላሉ ያው አንድ። በሦስተኛው አንድ ሰው ይጠራሉ፤ ሁለት። በአራተኛው እሳቸው ሌላ ሰው ይጠራሉ፣ ያኛው ግን ገና ቁጭ ብሏል፤ ሦስት። በአምስተኛው ሁለቱም ይደውላሉ፤ አምስት። ከዚያ ስምንት። ከዚያ አሥራ ሦስት። ክቦቹ ጠማማ ነበሩ። የሰኞው ፈተና አስፈርቷት ነው ብዬ አዘንኩላት።

"አየሁት!" አልኩ። "የሚቀጥለው ቁጥር ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው!"

"ለምን?"

ይኼን አልጠበቅኩም። ክቦቹን ደጋግሜ አየሁ። "በፊት የሰሙት አሁንም ሰምተዋል፤ አይረሱም። እሱ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ... አዲስ የሚሰሙት በደዋዮቹ ልክ ናቸው። ደዋዮቹ ደግሞ ከሁለት ዙር በፊት ሰምተው የነበሩት ናቸው።"

"ይኼን ሰኞ አጠገቤ ተቀምጠህ በነገርከኝ" አለችና ካልኩሌተሯን ሰጠችኝ። "አሁን እያንዳንዱን ቁጥር ከእሱ በፊት ላለው አካፍል።"

ሁለት ለአንድ፣ ሁለት። ሦስት ለሁለት፣ አንድ ነጥብ አምስት። አምስት ለሦስት፣ አንድ ነጥብ ስድስት ስድስት እያለ የማያልቅ። ስምንት ለአምስት፣ አንድ ነጥብ ስድስት። አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ግን ከፍታውም ዝቅታውም እያነሰ ይሄዳል። ሊቆም የደረሰ ዥዋዥዌ ይመስል ነበር። ሃያ አንድ ለአሥራ ሦስት። ሠላሳ አራት ለሃያ አንድ። አንድ ነጥብ ስድስት አንድ ምናምን ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቁጥሮቹ እየገዘፉ ሲሄዱ እሱ ንቅንቅ አይልም።

"ይኼ ነው የእድገቱ ፍጥነት" አለች ሩሐማ። "ፈተናው የሚጠይቀኝ ቁጥሩ ስንት ደረሰ ብሎ አይደለም፤ እየተባዛ የሚሄደው በስንት ነው ብሎ ነው። ሶ፣ የሰሙት ሁሉ ቁጭ ሳይሉ ወዲያው ቢደውሉስ?"

ሞከርኩት። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። በየዙሩ እጥፍ ነው።

"አየህ? ከሁለት ወደ አንድ ነጥብ ስድስት ያወረደው ቁጭ ማለታቸው ነው።"

"ሁለት ዙር ቁጭ ቢሉስ?"

ሣልን፤ ደመርን፤ አካፈልን። አንድ ነጥብ አራት ስድስት አካባቢ ሄዶ ቆመ። ሦስት ዙር ብንል ደግሞ ከዚያም ወረደ። ደስ አለኝ፤ ወሬውን በእጄ ይዤ እንደ መኪና ፍሬን የያዝኩት መሰለኝ። "ብዙ ዙር ቁጭ ቢሉ ይቆማል ማለት ነው?"

ሩሐማ እርሳሷን አስቀመጠች። "አይቆምም። ከአንድ በላይ እስከሆነ ድረስ ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። የሚቆመው ሰምቶ ለማንም የማይናገር ሰው ሲገኝ ነው።"

ሩሐማ አሁን ሁለት ልጆች አሏት። ያን ጨዋታ ለምን እንዳመጣችው አንድ ቀን ጠይቄያት፣ ከአባዬና ከመኝታ ቤቱ በር ልታርቀኝ እንደ ነበር ነገረችኝ። ቀጥላም "ለራሴም ነበር" አለች። "ሰው እየቆጠረ አያለቅስም።"

እኔ ግን ቁጥሩን ይዤ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼ፣ እማዬ ሥራ እስክትጨርስ ያሉትን ግማሽ ሰዓቶች ደመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ትወጣለች። አሥራ ሁለተኛው ቁጥር መቶ አርባ አራት ነበር። ሳሎን ገባሁ።

"አባዬ፣ እማዬ ሳትወጣ መቶ አርባ አራት ሰው ይሰማል።"

"ምን?"

"ለአንድ ሰው ሁለት ሰው ካልደወለለት። ሩሐማ ናት እንዲህ ያለችው። መቶ አርባ አራት ሰው ውስጥ ኤርፖርት የሚሠራ ስንት ነው? ይነግሯታል'ኮ! ሰርፕራይዙ ሊበላሽ ነው!"

አባዬ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ክቦቹን በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ጎበዝ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"እትዬ፣ ልጁ ልክ ነው" አለ። "ግማሹ የእድር አባል እኮ ኤርፖርት ነው የሚሠራው።"

"እንግዲያው ስልኩን አቁሙ በሏቸው!" አሉ እትዬ ከበቡሽ።

"እትዬ፣ አሁን ቢያቆሙ የሚያቆሙት እርስዎ ብቻ ነዎት" አለች ሩሐማ ከወጥ ቤት። "እርስዎ የነገሯቸው ነግረዋል፤ እነሱ የነገሯቸውም ቁጭ ብለው ጨርሰዋል።"

"ኮሌጁ የሚያስተምርሽ ይኼን ነው? ሰው ማስደንገጥ?"

አባዬ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። "ሄጄ አመጣታለሁ።"

"ተቀመጥ!" አሉ እትዬ ከበቡሽ፤ የወትሮው ድምፃቸው ለአንድ አፍታ ተመለሰ። "በሥራ ሰዓት ጌት ላይ ቆመህ ስታይህ ምን ልትላት ነው? 'እንዲያው ናፍቀሽኝ ነው'? ያን ጊዜውኑ ታውቃለች። ከዚያ ደጋፊ ሰው በሌለበት፣ መኪና ውስጥ፣ በሀይዌይ ላይ... ተው ልጄ። አደራ ብለናል፤ ሰው አደራ ይጠብቃል።"

"ባይጠብቅስ?"

አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ነበር። አባዬ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቁጭ አለ፤ እስከ መጨረሻውም አላስቀመጠውም።

ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። እትዬ ከበቡሽ በስልክ "መኪናችሁን ላውንድሪው ጀርባ ፓርክ አድርጉ፤ ከፊት እንዳታይ" ሲሉ ስሰማ ሁሉም ነገር ልክ እንደ አስተማሪያችን ልደት መሆኑን አረጋገጥኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው እየመጡ ቤት ውስጥ ይለብሳሉ። ጋሽ ክፍሉ፣ ሽማግሌው ታክሲ ነጂ፣ የሚታጠፉ ወንበሮች ተሸክመው ገቡ። ሌላ ጊዜ ሲያገኙኝ ጆሮዬን ጎትተው "ኤልያብ! ሚስት አገኘህልኝ?" ነበር የሚሉኝ። ዛሬ ወንበሮቹን ብቻ ይደረድራሉ። የታሸገ ውኃ በካርቶን ገባ፤ ሶፍት ገባ። ሁሉንም አየሁና አንድ ነገር መጉደሉን አወቅኩ።

"ጋሽ ክፍሉ፣ ኬክ የለም እንዴ?"

እጃቸው ወንበሩ ላይ ቆመ። "ኬክ?"

"ለእማዬ።"

ጋሽ ክፍሉ አባዬን አዩ፤ አባዬ መሬት መሬት ያያል። "ኬኩ... ኋላ ነው የሚመጣ" አሉኝና አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ቶሎ ብለው ወጡ። ታክሲያቸው ውስጥ ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ነው የተመለሱት። ኬክ ይዘው ይመጣሉ ብዬ በመስኮት ስጠብቃቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎኑ ሞልቶ ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ፣ የአባዬ ስልክ ጮኸ። ዘርትሁን ነው። ሁሉም ወደ አባዬ ዞረ።

"ሁሉም? ... ሁሉም ማለትህ ስንት ሰው ነው? ... ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ... እና ማንም ምንም አላላትም?"

ስልኩን ዘግቶ ወንበር እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ከቀትር ጀምሮ ኤርፖርት ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ፓርኪንግ የሚሠሩትም፣ ጽዳቶቹም፣ እሷ ጋር የሚገፉትም። ማንም ትንፍሽ አላለም። አሁን ሊነሡ ነው።"

"አላልኩህም?" አሉ እትዬ ከበቡሽ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ያገሬ ሰው!"

ያን ጊዜ በጣም ገረመኝ። ወደ ሩሐማ ዞሬ "እንግዲያው ቁጥሩ ልክ አልነበረም" አልኳት። "ልክ ነበር" አለችኝ፤ "ሁሉም ሰምተዋል። ያልተናገሩት ለእሷ ነው።"

እኔን ታች ወሰዱኝ። የሜክሲኮዎቹ ቤት ልጅ ካርቱን ከፍቶ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬ ውጭ ነው። የዘርትሁን መኪና የሞተሩ ቀበቶ የላላ ስለሆነ ሲዞር ይጮሃል። ያን ጩኸት እንደ ሰማሁ "ሽንቴ መጣ" ብዬ ሹልክ አልኩና ደረጃችን መሐል ላይ ቆምኩ። ቀድሜ ፊቷን ማየት ፈልጌ ነበር።

እማዬ ከመኪናው ወረደች። በሩን አልዘጋችም። ዘርትሁን ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሣ ተቀምጦ ቀረ። እማዬ ወደ ላውንድሪው አየች። ከጀርባው የመኪኖቹ አፍንጫ ብቅ ብቅ ብሏል። ከዚያ ወደ ደረጃው ቀና አለች፤ አየችኝ።

እናቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ከፊቴ በጉልበቷ ወደቀች። ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዶቼን እስከ ጣቴ ድረስ ዳበሰችኝ።

"አለህ?" አለችኝ።

ጥያቄው ግራ ገባኝ። "አለሁ።"

"አባትህስ?"

"ውስጥ ነው።"

"ሩሐማስ?"

"እሷም።"

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ስለዚያ ቀን እማዬ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ መኪና እየነዳሁ ከሥራ ስመልሳት ነው።

"ያን ለት ሥራ ቦታ ሁሉም ሰው ወደደኝ" አለች። "ህይወት የምትባል አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ በዕረፍት ተራ ተጣልተን ሰላም አትለኝም ነበር፤ ጁስ ገዝታ አመጣችልኝ። ሥራ የሚያድለን ባርናባስ ሌላ ቀን ረጅሙን መንገድ ለእኔ ነው የሚያስቀምጥልኝ። ያን ለት 'አንቺ አረፍ በይ፣ መንገደኛዋን እኔ እገፋታለሁ' ብሎ ዊልቸሩን ከእጄ ተቀበለ። ባርናባስ! ሁሉም ይስቅልኛል፤ ዓይኔን ግን የሚያይ የለም። ሰው በአንድ ቀን እንዲህ አይወደድም፤ ሰው ሞቶብኛል አልኩ። ማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?"

"እነሱ እቤቴ ሊያደርሱኝ ያን ያህል እየደከሙ? ደግሞም ፈራሁ። አንተ ትሆናለህ ብዬ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዘርትሁን ስለ ትራፊክ ሲያወራልኝ፣ እኔ 'ልጄ አይሁን' ነበር የምለው።"

መሪውን ይዤ ያን የክቦች ወረቀት አሰብኩ። ሩሐማ ገና ለሰማ ሰው ባዶ ክብ፣ ለሚናገር ሰው ጥቁር ክብ ሥላልኝ ነበር። ሳይነገረው ለሚያውቅ ሰው ግን ክብ አልነበረንም።

ደረጃው ላይ ግን ይኼን ሁሉ አላውቅም። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ ደስታ መሰለኝ፤ ገምታዋለች አልኩ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"እማዬ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ላይሰንስሽ ወጥቷል። ሰው ሁሉ ለዚያ ነው የመጣው። እንዳልነገርኩሽ ሁኚ፤ እሺ?"

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። ብዙ አየችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"የኔ ጌታ" አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። "ለላይሰንሱ አይደለም የመጡት። አባባ ወልዴ አርፈዋል።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ሌሎቻችሁ አላችሁ።"

አልገባኝም፤ ግን አመንኳት። ሳፋው ውስጥ ያለውን ውኃና ካላማደሪያውን የሚያገላብጡትን የአያቴን ጥቁር ጥፍሮች አየሁ። አላለቀስኩም፤ ገና ባዶ ክብ ነበርኩ።

"ስማኝ" አለች። "አሁን ገብቼ ይነግሩኛል። እኔም እጮሃለሁ፤ በጣም ነው የምጮኸው። አትፍራ። ሰው አባቱ ሲሞት እንደዚያ ነው። አንተ አጠገቤ ቁጭ በል። ደግሞ አስቀድሜ እንዳወቅኩ ለማንም አትንገር።"

"ለአባዬም?"

"ለአባትህም፣ ለእትዬ ከበቡሽም። በጣም ደክመዋል።" የዩኒፎርሟን ኮሌታ አስተካክላ ተነሣች። "ይንገሩኝ።"

በሩን ከፍተን ስንገባ ሳሎኑ ሁሉ ተነሣ። እኔን ከእሷ ጋር ሲያዩ እትዬ ከበቡሽ ወደ አባዬ ገልመጥ አሉ፤ ግን ጊዜው አልፏል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ነይ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ" አሉ እትዬ ከበቡሽ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። አባዬ ከፊቷ በርከክ አለ፤ ቁልፉ አሁንም እጁ ውስጥ ነበር። ጋሽ ክፍሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሰው ልጅ ሁሉ መንገደኛ መሆኑን፣ አባቷም ዕድሜ ጠግበው በሰላም መሄዳቸውን በዝግታ ነገሯት። እማዬ የመጨረሻው ቃል እስኪያልቅ አዳመጠቻቸው።

ከዚያ ጮኸች። አስጠንቅቃኝ ነበር፤ አትፍራ ብላኝ ነበር። ጩኸቱ ግን የሚያውቅ ሰው ጩኸት አልነበረም። "አባዬ!" ስትል የቤቱ መስኮት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም ማልቀስ የጀመርኩት። ሩሐማም አለቀሰች፤ ወረቀቷን ትታ። ዘርትሁን በሩ ላይ ቆሞ ሲንሰቀሰቅ፣ እውነትም ፊቱ ምንም አይደብቅም ነበር።

ኋላ ጩኸቱ በርዶ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ እማዬ ነጠላ ለብሳ ስታለቅስ፣ እትዬ ከበቡሽ ወደ ጋሽ ክፍሉ ጎንበስ አሉ። ዝግ ብለው መናገራቸው ነበር፤ ሁላችንም ግን ሰማን።

"ተመስገን። አንዲት ነገር ሳትሰማ ከሰው መሐል አደረስናት።"

"እርስዎ ባይኖሩ!" አሏቸው ጋሽ ክፍሉ።

እማዬን አየኋት። ቀና አላለችም። በነጠላዋ ሥር እጄን ፈልጋ ጠበቅ አደረገችው፤ እኔም ዝም አልኩ።